የእህቴ አማልፊ፣ ሆቴሎቹ ሲዘጉ

ከናፖሊ በስተደቡብ፣ ተራራው ቀጥ ብሎ ባሕር ውስጥ በሚገባበት ሥፍራ፣ የአማልፊ ባሕር ዳርቻ የሚባል አካባቢ አለ። ስሙን ያልሰማችሁ እንኳ ምስሉን ሳታዩት አትቀሩም። ሮዝ፣ ቢጫና ነጭ የተቀቡ ቤቶች እንደ ደረጃ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረው፣ ከሥራቸው ሰማያዊ ባሕር፣ ዳር ዳሩን ባለ ቀለም ዣንጥላ። በካላንደር ላይ፣ በጉዞ ወኪሎች መስኮት ላይ የሚለጠፈው እሱ ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በበጋ የሚጎርፈው ሰው ብዛት፣ የመንገዱም ጥበት ለጉድ ስለሆነ፣ በተጨናነቀው ሰሞን መኪኖች በታርጋ ቁጥራቸው ሙሉና ጎዶሎ እየተባለ በፈረቃ እንዲገቡ ይደረጋል።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው እዚያ ነው። ከአገር ከወጣች 19 ዓመት ሆናት። መጀመሪያ ናፖሊ ከተማ አንዲት አሮጊት ቤት እያደረች ታስታምም ነበር። ኋላ ልጅ ስትወልድ ሰው ቤት ማደሩ አልሆን አላትና አማልፊ ወርዳ ሆቴል ውስጥ ክፍል ማጽዳት ጀመረች፤ እዚያው ቀረች። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አዲስ አበባ የመጣችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። የሚመጣልን ፎቶ ነው። ፎቶው ደግሞ ሁልጊዜ የነሐሴ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ባሕሩ የሚያብረቀርቅ፣ እሷም ነጭ ሸሚዝ ለብሳ የምትስቅበት። እማዬ አንዱን አሳጥባ ሳሎን ሰቅላዋለች። ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ እሱን አይቶ «ገነት ውስጥ ናት እኮ!» ሳይል አይወጣም።

ገነት ውስጥ ያለች ልጅ ገንዘብ ስታዘገይ ታዲያ ሰው ይገርመዋል። በየዓመቱ ከየካቲት እስከ ፋሲካ ባለው ጊዜ ከእህቴ የሚላከው ይሳሳል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይቀራል። «ረስታን ይሆን?» የሚል ዘመድ አይጠፋም። እማዬ ግን ስለ ገንዘቡ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። የእሷ ጥያቄ ሌላ ነው። እህቴ በላከችው ገንዘብ ከዋናው ቤት ጎን አንድ ሰፊ ክፍል ከነመታጠቢያው ተሠርቷል። «የእሷ ክፍል» ነው የሚባለው። ስምንት ዓመት ተቆልፎ ተቀምጧል። እማዬ በየእንቁጣጣሹ መጋረጃውን አውርዳ ታጥባለች፣ ወለሉን ትወለውላለች፣ መልሳ ትቆልፋለች። አሁን 78 ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ካስቸገራት ወዲህ መጋረጃውን የማወርደው እኔ ነኝ። ወደ እህቴ ልሄድ መሆኑን ስትሰማ የሰጠችኝ መልእክት አጭር ነበር። «በስልክ አይሆንም። ፊቷን እያየሽ ጠይቂያት። ትመጣለች ወይስ አትመጣም? ቁልፉን ማን እጅ እንደማኖረው ልወቅ» አለችኝ።

ጉዞዬ የተቆረጠው ለታኅሣሥ መጨረሻ ነው። በበጋ እህቴ እንግዳ የምትቀበልበት ጊዜ የላትም፤ የአውሮፕላኑም ዋጋ አይቀመስም። እማዬ ሻንጣዬን እያየች «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሹራብ?» አለችኝ። «እዚያ ክረምት ነው» ብላት «በታኅሣሥ?» ብላ ሳቀች። እኛ ክረምት የምንለው ሐምሌና ነሐሴ፣ ለእነሱ ፀሐይ አናት የሚበሳበት በጋ ነው። የእነሱ ክረምት ደግሞ የእኛ በጋ። አንድ የሚያመሳስለን ነገር ቢኖር፣ በአማልፊም እንደኛው ዝናቡ የሚበረታው ክረምት ላይ መሆኑ ነው።

ከአዲስ አበባ ሮም በአውሮፕላን፣ ከሮም ሳሌርኖ ከተማ ደግሞ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በጋ ቢሆን ከሳሌርኖ ወደ አማልፊ በጀልባ መሄድ ይቻላል። በክረምት ባሕሩ ስለሚናወጥ፣ ተሳፋሪም ስለማይኖር ጀልባዎቹ ያቆማሉ። ስለዚህ የሚቀረው አውቶቡስ ነው። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። መንገዱ በ19ኛው መቶ ዘመን ገደል እየተፈለፈለ የተሠራ ነው፤ ከዚያ በፊት የአካባቢው ሰው በባሕር ወይም በበቅሎ ነበር የሚመላለሰው። ሾፌሩ በየኩርባው ጡሩምባ ይነፋል። ከአጠገቡ የቆመ አንድ ሽማግሌ ሲያጫውተው ፍሬኖ፣ ማርቻ፣ ጎማ፣ ፍሪዚዮኔ የሚሉ ቃላት ጆሮዬ ገቡ። ለካ ጋራዥ ውስጥ የምንናገረው ግማሹ የእነሱ ነው! ጣልያንኛ የማልችል ሴትዮ በዚያ ገደል አፋፍ ላይ ስለ ፍሬን እንደሚወራ መረዳቴ ግን እምብዛም ደስ አላሰኘኝም።

ሸክላ የሚሠሩበትን ቪየትሪን፣ ዓሣ አጥማጆቹ የሚኖሩበትን ቼታራን፣ ማዮሪንና ሚኖሪን አልፈን አማልፊ ስንደርስ ካፊያ ይጥላል። የከተማዋ ነዋሪ 5 ሺህ ገደማ ነው። ያን ዕለት አደባባዩ ላይ የነበረው ሰው ግን ሃያ አይሞላም። የሆቴሎቹ መዝጊያ ተቀርቅሯል። ወንበርና ጠረጴዛው ተደራርቦ ፕላስቲክ ለብሷል። ጀልባዎቹ ማዕበል እንዳይወስዳቸው ከውኃው ርቀው ወጥተዋል። የማገዶ ጢስ ይሸታል። መሰላል ላይ የወጡ ቀለም ቀቢዎች ብቻ ሥራ ላይ ናቸው፤ ከተማዋ ለመጪው በጋ ፊቷን ትታደሳለች።

እህቴ ጥቁር ካፖርት ለብሳ፣ ራሷን በሻሽ ጠቅልላ ፌርማታው ላይ ጠበቀችኝ። ከኋላዋ የ15 ዓመት ልጇ ቆማለች። አንገቴ ሥር ገብታ እየሳመችኝ «ወፍራለሁ አይደል?» አለች። አልወፈረችም። ቤቷ ከአደባባዩ ኋላ ብዙ ደረጃ ወጥቶ የሚገኝ ባለ ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት ነው። ግድግዳው እርጥበት ይዞ ወዝቷል። በጥር መጀመሪያ ፀሐይ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ተራራው ሥር ለተወሸቀ ቤት ደግሞ ከዚያም በፊት ትሰወራለች። ሦስታችን ብርድ ልብስ ተከናንበን ምድጃው አጠገብ ተቀምጠን አመሸን። እዚያ ቁጭ ብዬ ነው የእህቴን ዓመት ከነሒሳቡ የሰማሁት።

ሆቴሉ የሚከፈተው ለፋሲካ ነው፤ በእነሱ ጥቅምት ማብቂያ ይዘጋል። በእነዚያ ሰባት ወራት እህቴ በቀን 14 ክፍል ታጸዳለች፣ አንሶላ ትቀይራለች፣ መታጠቢያ ቤት ትፈትጋለች። ዕረፍቷ በሳምንት አንድ ቀን ናት፤ እሷኑም ተኝታ ታሳልፋታለች። ሆቴሉ ሲዘጋ መንግሥት የሥራ አጥ ድጎማ ይከፍላታል። ሕጉ የሚከፍለው ግን ለሠሩበት ሳምንት ግማሽ ያህል ነው። ሰባት ወር የሠራች ሴት ሦስት ወር ተኩል ያህል ታገኛለች ማለት ነው፤ ያውም ከደመወዟ አንሶ። ስለዚህ ድጎማው የእነሱ የካቲት አጋማሽ ላይ ያልቃል፤ ሆቴሉ ደግሞ እስከ ፋሲካ አይከፈትም። የቤት ኪራዩና መብራቱ ግን የሚጠብቅ አይደለም። በዚያ ክፍተት ከታች ቤት የምትኖር አንዲት የ86 ዓመት አሮጊት ታጥባለች፣ ታበላለች፣ በሰዓት ይከፈላታል። «ኑሮ በዘዴ፣ ጾም በኩዳዴ» አለችኝ እየሳቀች፤ «እኛ ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሚገጥሙብን።»

ይህን ለቤተሰቡ ነግራ አታውቅም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ብናገር እማዬ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ እናንተም የሰጠኋችሁን መልሳችሁ ልትልኩልኝ ነው» አለች። ለእኛ የምትልከው የበጋውን ፎቶ ብቻ የሆነበት ምክንያትም ይኸው ነው። ክረምቱን ለራሷ ታስቀረዋለች።

በማግሥቱ ከተማዋን ስታሳየኝ ግን አንዳች የባለቤትነት ኩራት አየሁባት። በበጋ አደባባዩ የእንግዳው ነው፤ አንድ ማኪያቶ ቆሞ ለመጠጣት እንኳ ወረፋ አለው። በክረምት ቡና ቤቱ የእነሱ ነው። አሻሻጩ በስሟ ይጠራታል፤ አሮጊቶቹ አስቁመው ይስሟታል። ከተማይቱን ስታየው የምትኖርባት አይመስለኝም ነበር ካለችኝ ወጣት እንግዳ ተቀባይ ጋር ሲሳሳቁ አየኋቸው፤ ልጅቱም የበጋ ባልደረባዋ ናት። በእነዚህ ሦስት አራት ወራት ሁሉም ሥራ ፈት ነው፣ ሁሉም እኩል ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል።

ከከተማዋ በላይ ያለው ተራራ እስከ ጫፉ በእርከን ተሠርቷል። የኮንሶን እርከን ያየ ሰው አይደንቀውም፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። የአማልፊው እርከን የሎሚ ነው። ሎሚው እንደኛ ትንሽና ክብ ሳይሆን ረዘም ያለ፣ ጫፉ ሾል ያለ፣ ልጣጩ ወፍራም ነው። እየቆራረጡ ስኳር ወይም ጨው ነስንሰው ከነልጣጩ ይበሉታል። በክረምት ዛፎቹን ከብርድ፣ ከነፋስና ከበረዶ ለመከላከል በደረት ነት እንጨት አጥር ላይ ጥቁር መረብ ይዘረጉባቸዋል። ለዚህ ነው በፎቶ አረንጓዴ የሚመስለው ተራራ በክረምት ጥቁር ነጠላ የለበሰ ሐዘንተኛ የሚመስለው። መረቡ ሥር ግን ሎሚው ይቢጫል። እርከኑን የያዘው ግንብ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የተካበ ነው። የሚጠገነውም በክረምት ነው። ድንጋይና እንጨት ጭነው ደረጃውን የሚወጡ በቅሎዎች ዛሬም አሉ፤ ቃጭላቸውን ስሰማ ገጠር የገባሁ መሰለኝ።

የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት የተማረችውን አንድ ታሪክ ነገረችኝ። መኪና ሳይገባ በፊት ሎሚውን ከእርከኑ እስከ ባሕሩ ዳር ይሸከሙ የነበሩት ሴቶች ናቸው። አንዱ ቅርጫት ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። ያን ተሸክመው፣ ተከታትለው፣ ደረጃ ለደረጃ ይወርዱ ነበር። ሕዝቡ «ፎርሚኬሌ» ይላቸዋል፤ ትንንሽ ጉንዳኖች ማለት ነው። እኔም ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ስለሚወርዱት እናቶቻችን ነገርኳት። ወገባቸው እስኪጎብጥ፣ ከሸክሙ በታች ፊታቸው እስከማይታይ። ልጅቱ ጥቂት ዝም ብላ አሰበችና በተሰባበረ አማርኛዋ «እማም ፎርሚኬላ ናት» አለች። እህቴ «ዝም በይ፣ እኔ የምሸከመው አንሶላ ነው» ብላ ቆጣ አለች፤ ግን እጇን ሰድዳ ፀጉሯን አሻሸቻት።

ክረምቱ ውበት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያ ቁልቁለት ሲዘንብበት ይናዳል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1954 በአንድ ሌሊት በወረደ ጎርፍ በሳሌርኖና በባሕር ዳርቻው ከ300 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 አማልፊ ራሷ ላይ ገደል ተደርምሶ ዋናው መንገድ ተቆርጦ ነበር፤ ሰው አልሞተም። ባሕሩም እንዲሁ ነው። አማልፊ በመካከለኛው ዘመን የራሷ መስፍንና መርከቦች ያሏት፣ ከቁስጥንጥንያና ከግብፅ ጋር የምትነግድ ገናና ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1343 የኅዳር ማዕበል የታችኛውን ከተማ ክፍል በልቶታል። እህቴ ዝናብ ሲበረታ ልጇን ትምህርት ቤት ከመላኳ በፊት የማስጠንቀቂያውን ቀለም በስልኳ ታያለች፤ ቀለሙ ቀይ ከሆነ ትምህርት ቤት ይዘጋል።

ታኅሣሥ 28 የእነሱ ጥምቀት ነው፤ ኤፒፋንያ ይሉታል። በዋዜማው ሌሊት ቤፋና የምትባል አሮጊት በመጥረጊያ ላይ ሆና እየበረረች ለልጆች ካልሲ ውስጥ ጣፋጭ ትጥላለች ይባላል፤ ላስቸገረ ልጅ ደግሞ ከሰል። ጠዋት ላይ ከታች ቤት ያሉት አሮጊት ሁለት ካልሲ ይዘው መጡ። አንዱ ለልጅቱ፣ አንዱ ለእኔ። የእኔን ገልጬ ባየው የወተት ቸኮሌት ነው። እኛ ጾም ላይ ነን። «ለነገ ይቀመጥ» ተባለና ካልሲው ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ አደረ። በዚያ ቀን የእነሱ በዓል ሁሉ ያበቃል፤ መብራቱን ያወርዳሉ፣ ዛፉን ያፈርሳሉ። እኛ ያኔ ገና ለገና እየተዘጋጀን ነው።

አማልፊ ላይ የእኛ ቤተ ክርስቲያን የለም። አደባባዩ ላይ ግን 62 ደረጃ ወጥቶ የሚገባበት ትልቅ ካቴድራል አለ፤ የሐዋርያው እንድርያስ ነው። የነሐስ በሮቹ በ11ኛው መቶ ዘመን ቁስጥንጥንያ ውስጥ የተሠሩ ናቸው። የሐዋርያው አፅም ከቁስጥንጥንያ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1208 እዚያ እንዳረፈ ያምናሉ። እህቴ በዋዜማው ከቀትር በኋላ ነጠላዋን ከካፖርቷ በላይ አጣፍታ ወሰደችኝ። ከምድር በታች ባለው ክፍል ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም። «አሥር ዓመት እዚህ ነው ገናን የምሳለመው» አለችኝ፤ «የጴጥሮስ ወንድም ነው፤ እሱንም እንግድነት አምጥቶ የጣለው ነው፣ ይገባዋል።» ማታ ስልኩን ስኳር ዕቃ ላይ አስደግፈን የላሊበላን ቤዛ ኩሉ ተመለከትን። ልጅቱ ከሁለታችን መሐል ተኝታ «ለምን ይወዛወዛሉ?» እያለች ትጠይቃለች።

በማግሥቱ ገና ሆነ። ልጅቱ ግን ትምህርት ቤት ሄደች፤ የእነሱ ዕረፍት ያለቀው ትናንት ነው። እህቴ ከአዲስ አበባ ባመጣሁት በርበሬና ድርቆሽ ዶሮ ወጥ ሠራች። ለአሮጊቷ አንድ ሳሕን ወሰድንላቸው። አንድ ጉርሻ ቀምሰው እንባቸው ወረደ፤ ውኃ ጠጥተው እንደገና ጎረሱ። ልጅቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቦርሳዋን እንደተሸከመች ገብታ ዕንቁላሏን አነሣች። ለካልሲው ቸኮሌትም ያኔ ተፈቀደለት።

የእማዬን ጥያቄ ያነሣሁት ከበዓሉ በኋላ ነው። ሰማዩ ተገልጦ ነበርና በአትራኒ በኩል ደረጃውን ይዘን ወደ ራቬሎ ወጣን። አትራኒ ከጣልያን ማዘጋጃ ቤቶች ሁሉ በስፋት ትንሿ ናት፤ 0.12 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብቻ። ራቬሎ ደግሞ ከባሕር ወለል 350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተራራው ላይ ተቀምጣለች። እዚያ ያለውን የቪላ ሩፎሎን የአትክልት ሥፍራ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ዋግነር እ.ኤ.አ. በ1880 አይቶ ለኦፔራው የሚሆን ሥፍራ አገኘሁ ያለበት ነው። እህቴ እዚያ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት! ከእርከኑ ጫፍ ቆመን ባሕሩን ስናይ «እማዬ ጠይቂያት ብላኛለች» አልኳት። የምጠይቃትን ታውቀው ነበር።

«እትዬ፣ ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም?»

መልሷ ስለ ራሷ አልነበረም። ልጇ ናፖሊ ሆስፒታል ተወልዳ፣ በጣልያንኛ አፏን ፈትታ፣ ገና የውጭ ዜጋ ናት። በየጊዜው የመኖሪያ ፈቃዷን ታሳድሳለች። በጣልያን ሕግ እዚያ የተወለደ የውጭ ዜጎች ልጅ፣ እስከ 18 ዓመቱ ሳያቋርጥ በሕጋዊ መንገድ ከኖረ፣ 18 በሞላው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ዜግነት ልያዝ ብሎ ማመልከት ይችላል። ነዋሪነቷን ለቃ ብትሄድ ያ መንገድ ይዘጋባታል። ሊሞላት ሦስት ዓመት ይቀራታል። «እኔ ለእሷ መወሰን አልችልም» አለች እህቴ፤ «18 ሲሞላት የፈለገችውን ትሁን። ጣልያናዊት ትሁን፣ አገሯ ትግባ፣ ሁለቱም ይቅር ትበል። ግን በሩ ሳይከፈት ዘግቼባት አልሄድም።»

«ለአንቺ ሦስት ዓመት ሦስት ዓመት ነው» አልኳት፤ «ለእማዬ ግን 81 ነው።»

ረጅም ጊዜ ዝም አለች። «አውቃለሁ» አለች በመጨረሻ፤ «ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው። የማልመጣ አይደለሁም በያት። ቀኑን መቁረጥ ያልቻልኩ ነኝ።»

ይህን ተሸክሜ ሄጄ ለእማዬ እንዴት እንደምነግራት ሳሰላስል፣ እህቴ ራሷ በዚያው ማታ ደወለችላት። እንደወትሮው ፊቷን ብቻ አላሳየቻትም። ስልኩን መስኮቱ ላይ ወጣ አድርጋ ዝናቡን፣ የጨለመውን ባሕር፣ የተቀረቀሩትን ሆቴሎች አሳየቻት። የወዛውን ግድግዳ፣ ምድጃውን፣ ብርድ ልብሱን አሳየቻት። እማዬ መነጽሯን አስተካክላ «ይኼ ነው እንዴ ያ ባሕር?» አለች። ከዚያ እህቴ ስለ ሰባቱ ወር፣ ስለ ድጎማው፣ ስለ ልጅቱ ሦስት ዓመት አንድ በአንድ ነገረቻት። እማዬ አላቋረጠቻትም።

«ሆቴላችሁ የሚዘጋው ከመቼ እስከ መቼ ነው አልሽኝ?» ብላ ጠየቀች።

«ከኅዳር እስከ ፋሲካ፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ክፍሉ ይከራይ። ኪራዩ የአውሮፕላን ይሁን። የልጅቱ ትምህርት ለእነሱ ገና ሲዘጋ ሁለታችሁም ትመጣላችሁ። በየዓመቱ።»

«እማዬ፣ ክፍሉ ከተከራየ የት ልናድር ነው?»

«ከእኔ ጋር። አልጋዬ ሰፊ ነው።»

አማልፊን በክረምት ማየት ለምትፈልጉ ጥቂት ምክር ልጨምር። ፖዚታኖ የምትባለው ታዋቂዋ መንደር በጥር ፈጽሞ የተኛች ናት፤ ማረፊያችሁን አማልፊ ወይም ሳሌርኖ አድርጉ። የአውቶቡስ ቲኬት ከቡና ቤት ወይም ከትምባሆ ሱቅ ቀደም ብላችሁ ግዙ፤ በበዓል ቀናት አውቶቡሱ ይቀንሳል። ደረጃው ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታልና ጫማችሁ የሚይዝ ይሁን። ፀሐይ ቶሎ ስለምትጠልቅ የተራራ ጉዞ በጠዋት ይጀመራል። ዋናተኛ ከሆናችሁ አትድከሙ፤ ባሕሩን ቆሞ ለማየት ነው የሚኬደው።

ውጭ አገር ሰው ያላችሁ ደግሞ፣ እዚያ የሚኬድበት ገንዘብ ባይኖራችሁ እንኳ፣ ሥራው የሚቆመው በየትኛው ወር እንደሆነ ጠይቁት። ጥያቄው በስልክም ይሆናል። ዱባይም ያለ፣ ቤይሩትም ያለ፣ ዋሽንግተንም ያለ ሰው የራሱ የተዘጋ ወር አለው። ፎቶ የማይነሣበት ወር እሱ ነው።

ክፍሉን መጋቢት ላይ አንዲት ነርስና ባሏ ተከራዩት። ቁልፉን እማዬ በገዛ እጇ ሰጠቻቸው። የመጀመሪያው ኪራይ በእህቴ ስም በተከፈተ የቁጠባ ደብተር ገብቷል። በዚያው ሰሞን አንድ ዘመዳችን ቤት መጥተው፣ ፎቶውን ቀና ብለው እያዩ፣ «ዘንድሮ ደግሞ ምነው ጠፋች?» ቢሉ፣ እማዬ ቡናውን እየቀዳች «ከየካቲት እስከ ፋሲካ ከእሷ የሚጠየቅ ነገር የለም፤ የምታርፍበት ጊዜ ነው» አለቻቸው። ሌላ አልጨመረችም። እሳቸውም ስኒያቸውን ተቀብለው ሌላ ጨዋታ አነሡ።